እጅ የማውጣት ደንብ

ሰኞ 3

ሚጢጢ ቁርሷን በግራ በኩል ብቻ ስታኝክ አየኋት። ዳቦውን አፏ ውስጥ ታዞረዋለች፤ ወደ ቀኝ ጉንጯ ሲጠጋ ቆም ትልና ትመልሰዋለች።

«ያምሻል?» አልኳት።

አሰበች። «እንጃ» አለች።

«እንጃ መልስ አይደለም።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና፣ «አንተስ በግራ አይደል እንዴ የምታኝከው?» አለች። የእኔ ልማድ ነው። ልጅቷ ግን ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልማድ የሚያዝበት ዕድሜ አይደለም።

እናቷ፣ ልጄ፣ ለሥራ ርቃ ስትሄድ ልጅቷን እኛ ጋ ነው የተወቻት። በር ላይ ቆመን «ቅንጣት ሳትጎድል ትረከቢያታለሽ» ብያታለሁ። ቃሉ የእኔ ነው።

ማክሰኞ 4

በባትሪ አየሁት። ከታች በቀኝ፣ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ። መሃሉ ተቦርብሯል። ከሥሩ ድዷ ላይ እንደ ብጉር ያለች ነጭ ነገር አለች። ስነካት መግል ወጣ። ሚጢጢ አላለቀሰችም።

ባለቤቴ፦ «የወተት ጥርስ እኮ ነው። ዛሬ ባይወድቅ ነገ ይወድቃል።» እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። መግሉን ካየሁ በኋላ ግን አልተዋጠልኝም። ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ሐሙስ 6

የልጆች የጥርስ ክሊኒክ። ጣሪያው ላይ ዓሣዎች ተለጥፈዋል፤ ተኝቶ ለሚያይ መሆኑ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት። በባለ ጎማ ወንበሯ እየተንሸራተተች መጥታ ከእኔ በፊት ልጅቷን ሰላም አለች። ይህ ደስ አለኝ።

ራጅ ተነሳች። የጥርሱ ነርቭ ሞቷል፤ ቁስሉ በሥሮቹ አልፎ ወደ አጥንቱ ወርዷል። ሐኪሟ፣ «ሁለት መንገድ አለን ጋሼ። ወይ እንነቅለዋለን፣ ወይ ሥሩን ውስጥ ውስጡን አጽድተን እናቆየዋለን» አለችኝ።

«ለሚወድቅ ጥርስ ምን አደከመን?»

ራጁ ላይ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየችኝ። ከኋላው፣ ገና ድድ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ቋሚ መንጋጋ እየመጣ ነው። በዚህ ዓመት ይወጣል። ይህ የወተት ጥርስ ቦታውን ይዞ ካልጠበቀ ቋሚው ወደ ፊት ይጋደምና ከወተት ጥርሱ ሥር የሚያድገውን የሌላ ቋሚ ጥርስ መቀመጫ ይቀማል። ኋላ ልጅቷ አድጋ ጥርሶቿ ተደራርበው ይወጣሉ። «ለሌላ ተራ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ነው በሉት» አለች። ተራ መጠበቅ ምን እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ ስለ አጠባው ነገረችኝ። የወተት ጥርስ ሥር ውስጥ ያለው ቦይ ቀጭን ነው፤ ይጠማዘዛል፤ እንደ ዛፍ ሥር ቅርንጫፍ ያወጣል። የምትጠርግበት ቀጭን መርፌ ዋናውን መንገድ እንጂ ቅርንጫፉን አይደርስበትም። ጀርሙን የሚገድለው እየፈሰሰ የሚገባው ማጠቢያ ነው።

«ማጠቢያው ምንድን ነው?»

«የቀጠነ በረኪና።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። መጠኑን ጠየቅኳት። ጠርሙሱ ብርሃን የማያስገባ መሆኑን ጠየቅኳት። መቼ እንደተበጠበጠ ጠየቅኳት። ሁሉንም ሳትቆጣ መለሰችልኝ፤ መልሶቿም ልክ ነበሩ። ረዳቷ ጓንቷን እያወለቀች «ጋሼ፣ ልጅቷን ሊያሳክሙ ነው ወይስ እኛን ሊፈትኑን?» አለችኝ። ሚጢጢ ሳቀች። እኔም ትንሽ።

እቤት ስነግራት ባለቤቴ አፏን ይዛ ቀረች። «አንሶላ የማነጣበትን?»

«በጣም የቀጠነ ነው። ጥርሱም በላስቲክ ይከለላል። ወደ አፏ አይፈስም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኳት።

ቅዳሜ 8

ልጄ ደወለች። «ምን አዲስ ነገር አለ አባዬ?» «ሰላም ነው። አንድ ትንሽ ጥርስ ነው፣ እናጸዳታለን።» ዋሸሁ ማለት አይደለም። ጥርሷ ትንሽ ናት።

ዛሬ ምሳ ላይ በሚጢጢ ኮራሁ። እኛ ቤት ማዕድ ላይ ጥያቄ ይጠየቃል፣ የሚመልስ እጁን ያወጣል። እጅ የሚወጣው ደግሞ እርግጠኛ ሲሆኑ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥም ደንቤ ይኸው ነበር፤ ገምቶ የሚጮህ ተማሪ የሌላውን ማሰቢያ ጊዜ ይበላል። የጎረቤት ልጆች መጥተው ስጠይቅ «እኔ! እኔ!» እያሉ ወንበር ላይ ዘለሉ። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አሰበች፣ አሰበች፤ ሌሎቹ ሦስት ስህተት ከመለሱ በኋላ ቀስ ብላ አወጣች። ልክ ነበረች።

ሰኞ 10

ቀጠሮው ነገ ነው። ብጉሯ ዛሬ አበጥ ብላለች። ሚጢጢን ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ማደንዘዣው በቅደም ተከተል አስረዳኋት። መልሳ ነገረችኝ፣ አንድም አላዛነፈችም።

የማቀዝቀዣ ውሃ ጠጥቼ ደነገጥኩ። ቀዝቃዛ ነገር ለማንም ጥርስ አይስማማም።

ማክሰኞ 11፣ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጥግ ላይ ባለች ወንበር እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። ሐኪሟ ድዷን አደነዘዘች። ሰማያዊ ላስቲክ ዘርግታ ጥርሷን ብቻ በቀዳዳው አወጣች። «የኔ ቆንጆ፣ ካመመሽ ግራ እጅሽን አንሺ። ወዲያው አቆማለሁ» አለቻት። ሚጢጢ ዓይኗን ጨፍና ገልጣ እሺ አለች።

ጥርሱን ከፈተች። ውስጡን ጠረገች። ከዚያ ጫፏ ደነዝ በሆነች ቀጭን መርፌ ማጠቢያውን ጠብ ጠብ ታደርግ ጀመር፣ ረዳቷ በመምጠጫ ቱቦ ትመጥጣለች። እጅ አልተነሳም። ሚጢጢ እንደ ሐውልት ናት። በልቤ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» እላለሁ።

ረዳቷ ናት መጀመሪያ ያየችው። «ዶክተር፣ ቆይ እስቲ። ልጅቷ የሆነ ነገር እየዋጠች ነው።» ጎንበስ ሲሉ እንባዋ በጆሮ ግንዷ በኩል ወርዶ ፀጉሯ ገብቷል። ላስቲኩን አነሱት። አንድ ጠርዙ ላልቶ ማጠቢያው ከሥር ወደ አፏ ሲገባ ቆይቷል። ምላሷ ሥርና የከንፈሯ ማዕዘን ቀልቷል። በብዙ ውሃ አጠቧት። ሐኪሟ ሥራውን ሳትጨርስ መድኃኒት አድርጋ ጥርሱን ለጊዜው ዘጋችው።

ከዚያ ተንበርክካ ጠየቀቻት። «ለምን እጅሽን አላነሳሽም እናቴ?»

ሚጢጢ አፏ ደንዝዞ እየተንተባተበች፣ «ማመሙን እርግጠኛ አልነበርኩም» አለች። «የሚያቃጥል ጣዕም ነበር እንጂ።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ዓሣዎቹን አየሁ።

ላስቲክ ሲወጠር ጠርዙ ይፈተሻል። የተከፈለበት ማደንዘዣ፣ የተመረቀ ሐኪም፣ አንድ ጠርዝ አይፈተሽም? ቅሬታዬን በአክብሮት አቅርቤያለሁ። «ትክክል ነዎት፣ የእኔ ጥፋት ነው፤ ደግሜ ማየት ነበረብኝ» አለችኝ። ሰው ጥፋቱን እንዲህ ሲቀበል ንዴትህን የምታስቀምጥበት ታጣለህ።

ረቡዕ 12

ከንፈሯ ትንሽ አብጧል። ለስላሳ ምግብ ብቻ።

ባለቤቴ ሳህን እያጠበች፦ «ላስቲኩ ብቻ አይደለም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምንም። ልጅቷ ሲያቃጥላት ዝም አለች ነው የምለው።»

እጅ የማውጣት ደንብ ለክፍል የወጣ ደንብ ነው። ጥሩ ደንብ ነው። ለሕክምና ነው ብዬ አላውቅም።

እሑድ 16

ከንፈሯ ድኗል። ከሰዓት መኝታ ቤት ውስጥ አሻንጉሊቶቿን ደርድራ ትምህርት ቤት ስትጫወት በኮሪደሩ ሳልፍ ሰማኋት።

«እርግጠኛ ነሽ? እርግጠኛ ነሽ ወይ? ካልሆንሽ እጅሽን አውርጂ።»

ድምጿን አወፍራ ነበር። ከየት እንዳመጣችው እንጃ። የዛሬ አስተማሪዎች እንዲህ ሻካራ ሆነዋል ማለት ነው።

ማክሰኞ 18

ብጉሯ ተመልሳለች። ሄድን። ሐኪሟ እንዳለችው ከሥሮቹ አንዱ ሳይታጠብ ስለቀረ ጀርሙ እዚያ ተደብቋል። በሚቀጥለው ማክሰኞ አንድ ጊዜ ደግመን እንሞክራለን፤ ከዚያ በኋላ ብጉሯ ካልጠፋች መንቀል ነው። ቁስሉ ከሥር የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳው ስለሚችል ከዚያ በላይ መጠበቅ አይቻልም።

ስንወጣ በር ላይ አስቆመችኝ። «ጋሼ፣ ልጅቷ ደንብ አክባሪ ናት። ሳክማት ያየሁት ሁሉ ያንን ነው የሚነግረኝ። እኔ ውስጥ ውስጡን ማየት አልችልም፤ የሚሰማትን የምታውቀው እሷ ናት። እስከ ማክሰኞ ሌላ ደንብ ይስጧት።»

«እሰጣታለሁ» አልኳት። ይህ ቀላል ነው። ደንብ መስጠት ሥራዬ ነበር።

ሐሙስ 20

ቀላል አይደለም።

«ከአሁን ጀምሮ እርግጠኛ ባትሆኚም እጅሽን ታነሺያለሽ» አልኳት።

«ማዕድ ላይም?»

«ማዕድ ሌላ ነው።»

«ትምህርት ቤትስ?»

«ትምህርት ቤትም ሌላ ነው።»

«እና የቱ ጋ የቱ እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆንኩስ?»

ሶፋ ላይ አስተኝቼ አፏን አስከፍቼ በማንኪያ ውሃ ጠብ ጠብ አደረግኩላት። ጨው ያለበትንም፣ ሎሚ ያለበትንም ሞከርኩ። ፊቷ ተኮማተረ፣ እጇ ግን ወገቧ ላይ ነው። «ለምን አታነሺም?» ስላት «ሎሚ ይመስለኛል፣ ግን ብርቱካንም ሊሆን ይችላል» አለችኝ።

ደጋግሜ ገለጽኩላት። ድምፄን ሳላነሳ። ሳልቸኩል። ወደ መጨረሻው ላይ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ተውኩት።

ቅዳሜ 22

ሐሳቡን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። «አንተ ተኛላት» አለች። «መምህሩ ራሱ ሲያደርገው ትየው።»

ተኛሁ። ሚጢጢ ትልቅ ሰው ሆነች። የወጥ ቤት ፎጣ አገጬ ሥር አስገባች። «አባባ፣ ካመመህ ግራ እጅህን አንሳ። ወዲያው አቆማለሁ» አለችኝ፤ የሐኪሟን ቃል በቃል። ሲሪንጅ አለቻት፣ መርፌ የሌላት፣ ባለቤቴ ለኬክ የምትጠቀምባት። አፌን ከፈትኩ።

ጣሪያው ነጭ ነው። አምፖሉ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። የምትሠራውን አላይም፤ ክርኗን ብቻ ነው የማየው። ጠብ። ቀዝቃዛ ነው። ጠብ። አሁን ጣዕም አለው። ምን? ምራቄ ተጠራቀመ፤ ልዋጥ ወይስ አልዋጥ? ጠብ፣ በቀኝ በኩል። ባለቤቴ እግሬ ተወራጨ ትላለች። አላስታውስም።

«አባባ! አመመህ አይደል? ለምን እጅህን አላነሳህም?»

«እርግጠኛ አልነበርኩም» አልኩ።

አፌ ተከፍቶ ነው ያልኩት፤ ቃሉ ግን ጥርት ብሎ ወጣ። ባለቤቴ መሳቅ ጀመረች፣ ወንበር ይዛ ተቀመጠች፣ ሆዷን ያዘች። ሚጢጢ መጀመሪያ እኔን አየች፣ መሳቅ ይፈቀድ እንደሆነ። ከዚያ እሷም።

አሁን ፎጣውን አንስቼ እዚህ ቁጭ ብዬ የማስበው ይህን ነው። ሰው በጀርባው ተኝቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ሌላ ሰው በማያየው ቦታ ሲነካካው እርግጠኛ የሚሆንበት ነገር የለም። አንድም። ክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳያወጡ የቀሩ እጆች ነበሩ። ያኔ ያላጠኑ ይመስሉኝ ነበር። ይህን አሁን መቁጠር አይጠቅምም።

እሑድ 23

አዲስ ደንብ፣ በቤቱ ሁሉ፦ ትንሽ ከጠረጠርክ አንሳ። ስህተት ቢሆን ማንም አይቆጣም። ማዕድ ላይም ይሠራል።

ምሳ ላይ የሚጢጢ እጅ አምስት ጊዜ ወጣ። አንዱ ዝንብ ነበር። አንዱ ወጡ ጨው በዝቶበት እንደሆነ ነበር፤ ባለቤቴ «ይህንን ደንብ ማን አመጣው?» አለች። በዝቶበት ነበር።

ማክሰኞ 25

ዝናብ። ታክሲ አጣን። ረፈደብን። ጫማዋ ረጥቦ ካልሲዋን አውልቀን በባዶ እግሯ ተኛች።

ሐኪሟ ላስቲኩን ወጠረች፣ በዙሪያው ማሸጊያ ቀባች፣ ጠርዙን በጣቷ ዞራ ዞራ ፈተሸች። እኔን እያየች ነው የፈተሸችው። አንገቴን ነቀነቅኩ።

ጀመሩ። ወዲያው እጅ ተነሳ። ሁሉም ቆመ። «አመመሽ?» የለም፣ አፍንጫዋን በልቷት ነው። ረዳቷ አከከችላት። ቀጠሉ። እጅ ተነሳ። የመምጠጫው ድምፅ አስፈርቷት ነው። አሁንም ቀጠሉ። የማጠቢያው ጊዜ ያልፋል፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ውጭ ሌሎች ልጆች ይጠብቃሉ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ምላሴን ነከስኩ። አንድ ቃል ብናገር፣ «ሚጢጢ፣ ለቁም ነገር ብቻ» ብል፣ እጇ ዳግመኛ አይነሳም። አውቃታለሁ። እኔ ነኝ ያሳደግኳት፣ ይህን ሰሞን ማለቴ ነው።

ሐኪሟ ወደ መጨረሻው ሥር ገብታ ነበር፣ ባለፈው ወዳልታጠበው። ማጠቢያው ሁለት ጊዜ ጠብ እንዳለ እጇ ተነሳ። በዚህ ጊዜ ግን ቀስ ብሎ፣ እስከ ግማሽ ብቻ። ሊመለስም ይመስላል።

ሐኪሟ እጇን መጠበቅ ለምዳ ነበርና ግማሹንም አየችው። ቆመች። ላስቲኩን ከጎን ገለጥ አደረገች። ሚጢጢ በአፏ ጥግ፦ «እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ያ ጣዕም ትንሽ የመጣ መሰለኝ።»

ረዳቷ በመብራት አየች። ከኋላ በኩል ማሸጊያው እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ተሰንጥቋል። ገና አንዲት ጠብታ ነው ያለፈው። አጠቡላት፣ እንደገና አሸጉት፣ ሥራው ቀጠለ፤ ሥሩ እስከ መጨረሻው ታጠበ፣ ደረቀ፣ መድኃኒት ገባበት፣ ተዘጋ። አፏ ውስጥ ምንም የቀላ ነገር የለም።

ሐኪሟ ጭንብሏን አውርዳ፣ «እኔ ባላየውም አንቺ አየሽው» አለቻት። ሚጢጢ ወደ እኔ ዞራ «ግን ሁለቱ ስህተት ነበሩ» አለችኝ።

«ሁለቱም ጥሩ ስህተቶች ናቸው» አልኳት። እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ተሸክሜያት ነው የመጣሁት፤ ወገቤን ነገ እናያለን።

ረቡዕ 26

ወገቤን አየነው። ተኝቻለሁ። ሚጢጢ በቀኝ በኩል ሙዝ በላች።

ሰኞ 1

በባትሪ አየሁ። ብጉሯ የለችም። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አመጣች። እሷም የለችም አለች። እንደገና አየሁ። ድዱ ሮዝ ነው፣ ለስላሳ፣ እንደ ግራው።

በረንዳ ላይ ወጥቼ ትንሽ ቆምኩ።

ማክሰኞ 2

ሥሩ ተሞላ፤ ከጥርሱ ጋር አብሮ ቀስ በቀስ በሚሟሟ ለስላሳ ነገር፣ ቋሚው ጥርስ ሲመጣ መንገድ እንዳይዘጋበት። ከላይ የብረት ቆብ ተደፋለት። ሚጢጢ መስታወት ፊት አፏን ከፍታ አሥር ጊዜ ፈገግ ብላለች። «የብር ጥርስ አለኝ» ትላለች ለፖስተኛው፣ ለጎረቤት፣ ለድመቷ።

ልጄ ደወለች። በዚህ ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፣ ከላስቲኩ እስከ ሶፋው። «አባዬ፣ አንተ ተኛህ? ሶፋ ላይ? በፎጣ?» ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ። ሁለቱ ሲስቁ ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ።

ማክሰኞ 30

ልጄ ከትናንት በስቲያ ተመልሳለች። ዛሬ ለምርመራ አብረን ሄድን፣ አራታችንም፤ ክፍሉ ሞላ። ሚጢጢ ራሷ ወንበሩ ላይ ወጥታ ተኛች፣ እግሯን አነባበረች።

ራጅ ተነሳ። ሐኪሟ የፊተኛውንና የዛሬውን ጎን ለጎን አሳየችን። ሥሮቹ መሃል ጥቁር የነበረው ቦታ ነጭ እየሆነ ነው፤ አጥንት ተመልሶ እየሞላ ነው ማለት ነው። ከኋላ ቋሚው መንጋጋ ድዱን ገፍቶ ጫፉን አውጥቷል፣ ቀጥ ብሎ፣ በተራው። ልጄ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔን አቀፈችኝ። «ቅንጣት ሳትጎድል» አለችኝ። «እንዲያውም ብረት ተጨምሮባታል» አለች ባለቤቴ።

ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች «በቃ፣ ጨርሰናል። ሌላ ጥያቄ ያለው አለ?» አለች።

ልጄ ቦርሳዋን አነሳች። ሚጢጢ ግን ተኝታ እንዳለች እኔን አየችኝ። ቁርስ ላይ ዳቦዬን ከቀኝ ወደ ግራ ስመልሰው ስታየኝ ነበር መሰለኝ።

ጥጉ ወንበር ላይ ሆኜ ግራ እጄን አነሳሁ። እስከ ግማሽ።

«እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩ። «ግን በቀኝ በኩል፣ ቀዝቃዛ ስጠጣ…»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የልጆች ሐኪም ነኝ!» አለች ሐኪሟ፤ ባትሪዋን ግን አንስታለች።

ሚጢጢ ከወንበሩ ዘላ ወርዳ ቦታውን በእጇ ጠረገችልኝ። «ና ተኛ አባባ። ዓሣዎቹን ማየት ትችላለህ።»